የሐያት ድምፅ በቆጥ ሬዲዮ

በመሸኛዬ ዕለት ንግግር አድርጊ ብለው ማይክ ሲሰጡኝ፣ እጄ ሳላዝዘው ማይኩን ወደ አለቃዬ አፍ ዘረጋው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ማይክ የያዝኩት ሌላ ሰው እንዲናገርበት ነው። ራሴ ልናገርበት ስል ከአፌ ምን ያህል እንደማርቀው እንኳ ጠፋኝ። አመሰግናለሁ ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ጎኔ የተቀመጠች ወጣት ባልደረባዬ ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንድ የልጆች የቴሌቪዥን ድራማ ነበር አልኳት። እስቲ ይንገሩኝ ብትለኝ ዳቦው ተቆርሶ ሰው መነሳት ጀመረና ሳልነግራት ቀረሁ። ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ኩራት የሚለው ቃልም ልክ አልነበረም።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ፒያሳ፣ ካሴት የሚያባዛ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠዋት መንዙማ እናባዛለን፣ ከሰዓት የሠርግ ዘፈን፣ አንዳንዴ ደግሞ የፕሮቴስታንቶች መዝሙር። ክፍያው የሚወራ አልነበረም። ጆሮዬ የተገራው ግን እዚያ ነው። ክሩ የሳሳ ካሴት፣ ሞተሩ የደከመ ቴፕ፣ ጉንፋን ይዞት የቀዳ ዘፋኝ፣ ሁሉንም ፊቴን ሳላዞር መለየት ለመድኩ። ጋሽ ወርቅነህን የተዋወቅሁትም በዚሁ ሱቅ ነው። ለትምህርት ቤቶች በሚተላለፈው የሬዲዮ ትምህርት ክፍል የድምፅ ባለሙያ ነበሩ። አንድ የቆየ ካሴታቸውን ሊያስገለብጡ መጥተው እኔ ቴፑ እየፈጠነ ነው ብዬ ሥራውን ሳቆም አዩኝ። በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው፣ እሳቸው ዘንድ የሰው ቦታ እንዳለ ነገሩኝ።

ከእሳቸው ጋር የሠራሁባቸውን ዓመታት ስማር እንደቆየሁባቸው ነው የምቆጥራቸው። ጋሽ ወርቅነህ ቀረጻ ክፍል ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ነው። «ጸጥታ!» ብለው ጮኸው አያውቁም፤ አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ፣ ክፍሉ ራሱ ዝም ይላል። ከማንኛውም ቀረጻ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ብቻ ይቀዳሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የእያንዳንዱ ክፍል ዝምታ የተለያየ እንደሆነ፣ ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚደፈነው በራሱ በክፍሉ ዝምታ እንጂ በሌላ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ልጆች ሲቀርጹ ቆሎ አያስበሉም፤ አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ሥር የገባ ፍርፋሪም ማይክ ላይ እንደ ጠጠር ይሰማል። ቆሎው ከሥራ በኋላ ነው። ልጅ ሲሳሳት ደግሞ ስህተቱን አይነግሩትም። «አልሰማሁህም፣ እስቲ ድገምልኝ» ነው የሚሉት። ልጁ ጥፋቱ የእሳቸው ጆሮ እንደሆነ እያሰበ፣ ሳይደነግጥ አስተካክሎ ይደግመዋል።

ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ በወጡ ማግስት ነው ቆጥ ሬዲዮ የመጣው። አንድ የግል ፊልም ሠሪ ድርጅት ለልጆች ተከታታይ ድራማ ሊሠራ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ብሩክ ይባላል። ታሪኩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች በአንድ አሮጌ ቤት ቆጥ ላይ የተጣለ የሬዲዮ ማሠራጫ አግኝተው፣ ጠግነው፣ የራሳቸውን ጣቢያ ሲከፍቱ ነው። ዜና ያነባሉ፣ የጠፋ በግ ያፈላልጋሉ፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቃሉ። ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ወርቅነህ ተጠሩ፤ እሳቸውም እኔን ጠሩኝ።

ቆጡን የሠራነው ኮምቦልቻ፣ በተከራየነው መጋዘን ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ሹራብ ለብሰን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ እናወልቃለን። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበርና በፀሐይ ሲግል ጠሽ ጠሽ ይላል። በበሩ ደግሞ ከባድ መኪና አይቋረጥም። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽና በጆንያ ሸፈንነው፣ ከላይ ብርድ ልብስ ወጠርን። ተመልካቹ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ካለው እንዲለይልን ጋሽ ወርቅነህ አንድ ዘዴ አመጡ። የተቀዳውን ድምፅ በትንሽ ትራንዚስተር እናጫውተዋለን፣ ትራንዚስተሩን ባዶ እንስራ አፍ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከዚያ መልሰን እንቀዳዋለን። ከእንስራው የሚወጣው ድምፅ ከሩቅ መንደር የሚሰማ ሬዲዮ ይሆናል። አቶ ብሩክ መጀመሪያ የሰማ ቀን ከወንበሩ ተነስቶ እንስራውን ዞሮ አየው።

የጣቢያዋን ዋና አንባቢ የምትሆን ልጅ ፍለጋ ከደሴ ዙሪያ ጀምረን ትምህርት ቤቶችን አዳረስን። ጋሽ ወርቅነህ ለልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚያዳምጡት፤ መልክ ጆሮን ያታልላል ይላሉ። ሐያትን ያገኘናት ደጋን በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የገበሬው የእንድሪስ ልጅ። የተሰጣትን ጽሑፍ ስታነብ ተንተባተበች። ተይው፣ ያየሽውን አንድ ነገር ንገሪኝ አሏት። ብርቱካን የጫነ መኪና ቤታቸው ፊት ለፊት የተገለበጠ ዕለት የሆነውን ትነግራቸው ጀመር። ብርቱካኑ አስፋልቱን ሞልቶ ቁልቁል ሲንከባለል፣ ፍየሎች ሲሯሯጡ፣ ሹፌሩ ጎማው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ። «ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር» አለች። «አብሽር አልኩት። አብሽር፣ ብርቱካን ነው እንጂ ሰው አልሞተም።»

ድምጿ ሻከር ያለ፣ ከጉሮሮዋ ሥር የሚነሳ፣ ቃሉን ከመልቀቋ በፊት ትንሽ የምትይዘው ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ዞረው አዩዋት። ደስ ሲላቸው እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይቺ እኮ እያነበበች አይደለም፤ እያናገረችኝ ነው» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ቀረጽን። ሐያት እኔ ቤት እያደረች ነበር የምትሠራው። እናቷ ፋጡማ በየሳምንቱ እርጎ ትልክልናለች። «ይህ ቆጥ ሬዲዮ ነው፤ ከጣሪያው በታች፣ ከወለሉ በላይ» የሚለውን የጣቢያዋን መክፈቻ ስትል፣ መብራት የሚይዙት ልጆች ሳይቀሩ ፈገግ ይላሉ። ጽሑፉ ላይ «አይዞህ» የሚለውን ሁሉ እሷ «አብሽር» ትለዋለች፣ «ቆንጆ» የሚለውን «ሸጋ»። አቶ ብሩክ እንድናርማት ሲጠይቅ ጋሽ ወርቅነህ የወሎ ልጅ የወሎ ልጅ ሆና ትናገር አሉት። እሺ ብሎ ተወው። የተወው መስሎን ነበር።

ድራማው የሚጀምረው ቅዳሜ ጠዋት ነው ሲባል እንድሪስ ደጋን መጥቼ አብሬያቸው እንዳይ ጠየቀኝ። ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም። መንገድ ዳር ያለው፣ ሹፌሮች የሚበሉበት ሆቴል አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረው። ስደርስ ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ሐያት አዲስ ቀሚስና ነጭ ሻሽ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። አስተማሪዎቿ መጥተዋል፣ አያቷ ሼህ ሰይድ በዱላቸው እየተደገፉ መጥተዋል። ባለሆቴሉ ቁርስ የሚበሉትን ሹፌሮች ዝም አሰኘልን።

ሙዚቃው አለቀ። ሐያት በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ መጣች፤ ሰው አጨበጨበ። አፏን ከፈተች።

የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ በአዲስ አበባ ልጆች ዜማ የሚናገር የሌላ ልጅ ድምፅ ነው። እኔ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰለኝ። ቀጥሎ ከንፈሯን አየሁ። «አብሽር» ስትል ከንፈሯ ይገጥማል፣ ብ ሳይገጥሙ አይባልም። የሚሰማው ግን «አይዞህ» ነው፤ አይዞህ ውስጥ ከንፈር የሚገጥምበት ቦታ የለም። በአንዱ አፍ ላይ የሌላውን ድምፅ መደረብ፣ በእኛ ሙያ ዳቢንግ የምንለው ነው። ለእኛ ሳይነግሩ አዲስ አበባ ወስደው ሠርተውታል።

ሰዉ ወዲያው አልገባውም። ሼህ ሰይድ ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ በጆሯቸው ነበር የሚከታተሉት፤ «ሐያት መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ጠየቁ። እንድሪስ እያወራች ያለችው እሷ መሆኗን ነገራቸው። «ወላሂ አይደለችም» አሉ፤ «የልጄን ድምፅ አጥቼው ነው?» ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሐያት እስከ መጨረሻው ድረስ አንገቷን ሳታዞር ተቀምጣ አየችው። ሲያልቅ ወደ እኔ መጣችና በሹክሹክታ፣ «እትዬ ጦይባ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ያጠፋሽው ነገር የለም አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንኳ ምንም እንደማይጠቅማት አውቀዋለሁ።

ሰኞ ጋሽ ወርቅነህ ቢሮ ገብተው የጆሮ ማዳመጫቸውን አቶ ብሩክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «የልጅቷን ፊት ወስዳችሁ አፏን ጣላችሁት» አሉና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልመጡም። አቶ ብሩክ ክፉ ሰው አልነበረም። ድራማውን የገዙት ሰዎች በየክልሉ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲገባው ይፈልጋሉ አለኝ፤ እምቢ ቢል ሥራው በሙሉ ይሰረዝ ነበር። ሲናገር ፊቴን አያይም። እኔ ልቅር ወይስ ልውጣ እያልኩ ስብከነከን፣ ሐያት ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ቀረሁ። እንድሪስም ቤቴ መጥቶ፣ ልጅቷን ከጀመረችው ሥራ ቢያስወጣት ሰው ምን እንደሚለው አማከረኝ። ድምጿን አስመልሳለሁ አልኩት። ዋናው ቅጂ ደሴ፣ ድርጅቱ በከፈተው ስቱዲዮ ነበርና ከባድ መስሎ አልታየኝም።

የሚቀጥለው ክረምት ሐያት ለቀረጻ መጣች። ማይኩ ላይ ድምጿ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ከንፈሯ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆነ። ትንሽ ጮክ በይ ስላት፣ «ለማን ብዬ?» አለችኝ። በንዴት አልነበረም፤ በእውነት ነው የጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ፣ በተዋሰችው ድምፅ ትናገራለች ለማለት፣ «ውሰቷ» እያሉ ይጠሯት እንደነበር የሰማሁት ከእናቷ ነው። ክፍል ውስጥ መልስ እያወቀች እጇን ማውጣት ተወች። ቁርኣን ስትቀራ እንኳ በሆዷ ሆነ። ድራማው ሁለተኛውን ዓመት እንደጨረሰ ቆመ፤ እሷም ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች።

እኔ በሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ተቀጥሬ ስብሰባና ምረቃ መቅዳት ጀመርኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ ሁሉም ንግግራቸው ግርማ እንዲኖረው ማስተጋቢያ ጨምሪልኝ ይላሉ። በእረፍት ቀናት ግን የድርጅቱ ስቱዲዮ እየሄድኩ የሐያትን ድምፅ ወደ አፏ እመልስ ነበር። ቀላል አይደለም። ምስሉን ለሥርጭት ሲያሰናዱት ቆራርጠውታል፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከዋናው ካሴት ፈልጌ፣ ከንፈሯ ላይ አሳርፌ፣ ክፍተቱን በመጋዘኑ ዝምታ እደፍናለሁ። በዚህ መሐል የጋሽ ወርቅነህ ጆሮ ደከመ። ቧንቧ ውሃ እየሄድኩ የደረስኩበትን በጽሑፍ አሳያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ንዝረቱን ብቻ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እሷ ናት» አሉኝ። እውነት ለይተዋት ይሁን ለእኔ አዝነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያው ዓመት አረፉ።

ሁሉንም ክፍል ለመጨረስ ዓመታት ወሰደብኝ። በመጨረሻ በአቶ ብሩክ ቦታ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ አዳምጦ ወደደው። ድራማው በልጅቷ በራሷ ድምፅ እንደገና እንዲታይ ተስማሙ፣ ፊርማው አለቀ። ኮምቦልቻ ወርጄ ለሐያት ነገርኳት። አግብታ አርግዛ ነበር። አያቷ በሕይወት ስለሌሉ አዘነች። እናቴ ታየዋለች፣ አለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ተሸበረ፣ ሰው በእግሩም በመኪናም ይወጣ ጀመር። እኔ የታመመች እናቴን የሚጭን መኪና ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ሹፌሩን ለምኜ በስቱዲዮው በኩል አዞርኩት። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ቤተሰቡን ሊያወጣ ሄዷል። ስልኩ አይሠራም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፣ በድንጋይ መታሁት፤ ብረት ነው። እናቴ ከመኪናው ውስጥ በስሜ ስትጠራኝ ተመልሼ ገባሁ።

ስንመለስ በሩ ተሰብሮ ነበር። ማን እንደሰበረው ማን ይነግረኛል? ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሃርድ ዲስኮቹ፣ የመብራቱ ገመድ ሳይቀር ሄዷል። ካሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተቃጥለዋል፤ ሰው እሳት የሞቀባቸው ይመስላል። የቀለጠ ፕላስቲክ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። አካፋ አምጥቼ ቆፈርኩ። ለምን እንደምቆፍር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ በየግቢው ሁሉም የራሱን ይቆፍር ነበር። በዚያ ሰሞን ልጁን የቀበረ ጎረቤት አጠገብ ቆሜ ስለ ድምፅ ማልቀስ አሳፈረኝ። አዲስ አበባ የቀረ ዋና ቅጂ እንዳለ ጠየቅሁ። የተደረበው ብቻ ነው ያለው።

ለሐያት አልነገርኳትም። ፋብሪካው ቆሞ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ በዚያ ላይ ይህን እንዴት እላታለሁ? ዘንድሮ እላታለሁ፣ ከርሞ እላታለሁ ስል ዓመታት ሄዱ። እሷም አልጠየቀችኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የቀረኝ ሥራ ይህ ብቻ መሰለኝና ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ባንድ ክፍል ቤት ውስጥ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩሙ ሰላም ተባብለን፣ ስለ እናቷ ጤና ጠያይቄ ተቀመጥኩ። ካሴቶቹ እንደተቃጠሉ ነገርኳት። ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ሰማችኝ። «እኔም እንዲያ ገምቼ ነበር» አለች። «አብሽሪ እትዬ፣ በዚያ ጊዜ የጠፋ ነገር ስንቱ ነው።»

ይህን ስትል ልጇ ረውዳ ስልክ ይዛ ከውጭ ገባች። አምስት ዓመቷ ነው። ከማታውቀው ሰው ጋር ስትተዋወቅ እንደምታደርገው ስልኩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ሐያት ናት፣ በልጅነቷ። ሰዎች ድራማውን ኢንተርኔት ላይ ጭነውታል። «እናቴ ናት» አለችኝ። ከዚያ ከስልኩ ጋር እኩል፣ «ይህ ቆጥ ሬዲዮ ነው» ብላ ሁሉንም በቃሏ ወረደችው፤ በዚያ ቀጭን ድምፅ፣ በዚያ ዜማ፣ «አይዞህ» የሚለው ሳይቀር። አንድም አልሳተችም። ስትጨርስ እናቷን፣ «እማ፣ አሁን ለምን እንዲህ አድርገሽ አታወሪም?» አለቻት።

ሐያት የስፌቱን ጎማ በእጇ አቆመች። «ሰው ሲያድግ ድምፁ ይቀየራል» አለቻት። «ልጅ ሳለሁ እንዲያ ነበርኩ።»

ረውዳ ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። መነሳቴን ስታይ ሐያት በር ድረስ ሸኘችኝና፣ መቀነቷን እያጠበቀች ጠየቀችኝ።

«እትዬ ጦይባ፣ የእኔው ምን ይመስል ነበር? ወላሂ ረስቼዋለሁ። እርስዎ እንኳ ያስታውሱታል።»

ዓይኔን ጨፍኜ ልሰማው ሞከርኩ። ሻከር ያለ ነበር፣ ከጉሮሮዋ ሥር የሚነሳ፤ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ። ስንት ዓመት በጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አሳርፌዋለሁ። ደጋን ያለችው ልጅ ፊቴ መጣች፣ ብርቱካኑ መጣ፣ ከንፈሯ ሲገጥም አየሁት። የሰማሁት ግን የዚያችን የማላውቃትን ልጅ ድምፅ ነው።

«ሸጋ ነበር» አልኳት።

እጄን ስማ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።